ባሕር ዛፍን ከላይ ቆራርጦ በገመድ ማውረድ፦ ፍሬኑ እንዴት ተመረጠ? (የጉዳይ ጥናት)

ዛፉና ግቢው

ጉዳዩ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመኖሪያ ግቢ ስለነበረ ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ቁመቱ 27 ሜትር ገደማ ነበር። የግንዱ ውፍረት (ከዳር እስከ ዳር ሲለካ) በደረት ከፍታ 62፣ በ10 ሜትር ላይ 45፣ በ18 ሜትር ላይ 30 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ከግንዱ 3 ሜትር ርቆ ቆርቆሮ የለበሰ ዋና ቤት አለ። በሌላው ጎን ማድ ቤቱና በብረት ማማ ላይ የተቀመጠው የውኃ ሮቶ ይገኛሉ፤ ከአጥሩ ውጭ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል። ዛፉ ወደ ዋናው ቤት ያዘነበለ ሲሆን በክረምት ነፋስ የሚረግፉት ደረቅ ቅርንጫፎች ቆርቆሮውን ደጋግመው በስተውታል። ሥሩም የአጥሩን ግንብ ሰንጥቋል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ሲገባ ከተማዋ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ተቸግራ ነበር፤ ለመትከያ ግን ቦታ ሞልቶ ተርፏል። ዛሬ ትልልቆቹን ዛፎች ቤት ከቧቸዋል። በዚህ ግቢ ውስጥም 27 ሜትር ዛፍ አጋድሞ የሚጥሉበት ቦታ የለም። የመግቢያው ቅያስ ስፋት 2.5 ሜትር ብቻ ስለሆነ ክሬን አይገባም። ስለዚህ ዛፉ ከጫፉ ጀምሮ እየተቆረጠ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በገመድ ታስሮ፣ በቤቱና በማድ ቤቱ መካከል ባለችው 4 በ6 ሜትር ክፍት ቦታ ላይ መውረድ ነበረበት። ገመዱ ጭነት እያለበት ቀስ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው መሣሪያ እዚህ ፍሬን ይባላል፤ የገመዱን ጫፍ ይዞ የሚያሳልፈው ሰው ደግሞ ፍሬን ያዥ።

የመጀመሪያው ሙከራ ለምን ከሸፈ

ከዚህ ቀደም ሌላ ቡድን ሥራውን ጀምሮ ነበር። ገበያ ላይ የሚገኘውን 14 ሚሊሜትር የፖሊፕሮፒሊን ገመድ ወስደው፣ ላይ ባለ ባላ ቅርንጫፍ ላይ አሳልፈው፣ ታችኛውን ጫፍ በራሱ በዛፉ ግርጌ ሁለት ዙር ጠምጥመው ያዙት። 90 ኪሎ ያህል የሚመዝን ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ገመዱ ንቅንቅ ሳይል ቀረና ቅርንጫፉ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ለማላላት አንዱን ዙር ሲፈቱት ደግሞ በአንዴ ሮጠ፤ ያዡም ለቀቀው። ያን ቅርንጫፍ መሬት ተቀበለው። ቀጥሎ የታሰረው ግን ገመዱን በጥሶ የማድ ቤቱን ሁለት ቆርቆሮዎች ይዞ ወረደ። ሰው አልተጎዳም።

የተበጠሰውን ገመድ ለተመለከተ ምክንያቱ ግልጽ ነበር። 60 ሳንቲሜትር ያህሉ ቀልጦ እንደ ፕላስቲክ ዘንግ ደርቋል። ፖሊፕሮፒሊን በ165 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። እንጨት ሙቀትን ወደ ውስጥ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የሰበቃው ሙቀት በሙሉ ገመዱ ላይ ይቀራል። ቀልጦ የደረቀው ክፍል አይታጠፍም፤ ቀጣዩ ጭነት ሲመጣ በዚያው ቦታ ይበጠሳል።

ሁለተኛው ምክንያት በዓይን አይታይም፣ የመሣሪያ ምርጫውን የወሰነው ግን እሱ ነው። ገመድ በአንድ ነገር ላይ ሲጠመጠም የእያንዳንዱ ዙር ጉልበት በቀደመው ላይ አይደመርም፤ ይባዛበታል። የነጭ ባሕር ዛፍ ግርጌ ከላይኛው ግንድ በተለየ ሸካራ ቅርፊት ይለብሳል። የሰበቃው መጠን (ገመዱና ቅርፊቱ ምን ያህል እንደሚያያዙ የሚያሳየው ቁጥር) 0.4 ቢሆን አንድ ዙር በእጅ የተያዘውን ኃይል 12 ጊዜ ያህል፣ ሁለት ዙር 150 ጊዜ ያህል ያበዛል። በሁለት ዙር 90 ኪሎ ለማቆም ከ1 ኪሎ ያነሰ ጉተታ ይበቃል፤ ስለዚህ ገመዱ ፈጽሞ አይሄድም። ወደ አንድ ዙር ሲወርድ ያዡ በድንገት ከ7 ኪሎ በላይ ተሸከመ ማለት ነው። ይህ ራሱ ብዙ አልነበረም፤ ገመዱ ሲቀልጥና ቅርፊቱ ሲላጥ ግን ሰበቃው ጠፋና ጭነቱ በሙሉ ወደ እጁ መጣ። ግንድ ላይ የሚጠመጠም ገመድ ይይዛል ወይም ያመልጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ማለትም ቀስ እያሉ ማሳለፍን፣ አይሰጥም።

ክብደቱን ማወቅ

ሁለተኛው ቡድን ወደ መሣሪያ ሻጭ ከመሄዱ በፊት ዛፉን ለካ። እርጥብ ነጭ ባሕር ዛፍ ከውኃ አይቀልም፤ ለስሌቱ 1,100 ኪሎ በሜትር ኩብ ተያዘ። ለቡድኑ የተሰጠው አቋራጭ ቀላል ነው፦ የግንዱን ውፍረት በሳንቲሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱን በ0.086 ማባዛት። የሚመጣው የአንድ ሜትር ቁራጭ ክብደት በኪሎ ነው። 30 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ግንድ በሜትር 78 ኪሎ፣ 45 ያለው 175 ኪሎ፣ 60 ያለው 310 ኪሎ ይመዝናል። ውፍረቱ በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በዓይን ግምት የሚሠሩ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያለበት ጫፍ በዚህ ስሌት አይገኝም። ለእሱ የግንዱ ክብደት ተሰልቶ እጥፉ ተያዘለት።

ከዚህ በኋላ የቁራጭ ጣሪያ ተወሰነ፦ 150 ኪሎ። በ30 ሳንቲሜትር ውፍረት ላይ 1.9 ሜትር፣ በ45 ላይ 85 ሳንቲሜትር፣ በ60 ላይ ከግማሽ ሜትር በታች ማለት ነው። መሣሪያው ሁሉ ለዚህ ቁጥር ተመረጠ። ብዙ ቦታ ግን ገመዱ ይገዛና ቁራጩ በገመዱ አቅም ይወሰናል፤ ያን ጊዜ ሥራውን የሚመራው ሻጩ ነው።

ቁራጩ ሲቆምና ሲሮጥ

150 ኪሎ የሚመዝን ቁራጭ በገመዱ ላይ የሚያሳርፈው 150 ኪሎ ብቻ አይደለም። ቅርንጫፍ ከራሱ በላይ ካለ ነጥብ ሲታሰር ውድቀቱ ትንሽ ነው። ግንድ ሲቆረጥ ግን ከቁራጩ በላይ ምንም ስለማይኖር ፑሊው (ገመዱ የሚያልፍበት መንኮራኩር) የሚታሰረው ከመቁረጫው በታች ነው። ቁራጩ ተገልብጦ ከፑሊው በታች እስኪንጠለጠል ድረስ መካከሉ ወደ 2 ሜትር ይወድቃል። በዚያ ነጥብ ላይ ገመዱ ድርቅ ብሎ ቢያዝ፣ በ15 ሜትር ገመድ ላይ የሚመጣው ጉተታ የቁራጩን ክብደት 10 እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ 1,500 ኪሎ ማለት ነው። ፑሊው ላይ የሁለቱ ገመዶች ጉተታ ስለሚደመር እዚያ የሚያርፈው ከ2,500 ኪሎ ይበልጣል። ቆራጩም በዚያው ግንድ ላይ ታስሮ ቆሟል።

ያው ቁራጭ 2 ሜትር ከወደቀ በኋላ 4 ሜትር እየሮጠ ቀስ ብሎ እንዲቆም ቢደረግ፣ አማካዩ ጉተታ 225 ኪሎ ብቻ ነው። የፍሬን ያዡ እጅ እኩል ስለማይሆን ለአፍታ የሚደርሰው ከፍተኛ ጉተታ እጥፍ ይሆናል ተብሎ 450 ተያዘ። ከ1,500 ወደ 450 የወረደው ገመድ ስለተወፈረ ወይም ብረት ስለጠነከረ አይደለም፤ ገመዱ በልክ እንዲሄድ ስለተፈቀደለት ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው የሚፈለገው የመጀመሪያ ነገር ይህ ሆነ፦ ጭነት እያለበት ሳይነቀንቅ ማሳለፍ፣ ሙቀቱን ራሱ መጠጣት፣ ዙሩ እንደ ቁራጩ ክብደት መለዋወጥ መቻሉ።

አማራጮቹ ሲመዘኑ

መጀመሪያ የታየው ጋራዥ ሁሉ ያለው ቼይን ብሎክ ነው። 2 ቶን ያነሳል፣ ለሥራው ግን አይሆንም። የተለመደው ሰንሰለት 3 ሜትር ያህል ብቻ ያወርዳል። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ መንሸራተት አለመቻሉ ነው፤ የሚወድቀውን ቁራጭ ድርቅ አድርጎ ይይዝና ግጭቱን በሙሉ ወደ ፑሊውና ወደ ግንዱ ይመልሰዋል። ቲርፎር የሚባለው በእጅ የሚሠራ የብረት ገመድ መጎተቻም እንዲሁ ነው፤ የብረት ገመዱ ስለማይለጠጥ የባሰ ነው። ሁለቱም ለመጎተት ጥሩ ናቸው፣ የሚወድቅ ነገር ለማቆም ግን አልተሠሩም።

አንድ የቡድኑ አባል ለተራራ መውጫ የሚያገለግል ስምንት ቁጥር የመሰለ የአሉሚኒየም መውረጃ ነበረው። 150 ኪሎ ከ15 ሜትር ሲወርድ 22 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወጣል። ያ ሙቀት በሙሉ 120 ግራም በሚመዝን አሉሚኒየም ውስጥ ቢቀር ብረቱን በ200 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ ያው ሙቀት 4 ኪሎ በሚመዝን የብረት ቱቦ ውስጥ ቢገባ ግን ጭማሪው 11 ዲግሪ ነው። ትንሿ መሣሪያ የተሠራችው ለአንድ ሰው ክብደት ነው። በሰው ክብደት ደኅና የሆነ ነገር ሁሉ ለእንጨት ይበቃል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው።

ሦስተኛው አማራጭ በብየዳ ቤት ማሠራት ነበር፤ ተሠራም። ውጫዊ ስፋቱ 114 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ቱቦ ተቆርጦ፣ በአንድ ጫፉ ማንጠልጠያ ጆሮ፣ በሌላው ገመድ የሚያዝበት ሁለት ዘንግ ተበየደለት። ዛፍ ላይ ከመታሰሩ በፊት በሁለት ግንዶች መካከል በቼይን ብሎክ ተወጥሮ፣ ተንጠልጣይ ሚዛን ገብቶበት ተፈተነ። ግቡ 1,000 ኪሎ ለ5 ደቂቃ መሸከም ነበር። 600 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ ጆሮው ታጠፈና የብየዳው ጠርዝ ተሰነጠቀ። ጆሮው በቱቦው ጎን ላይ በአንድ ወገን ብቻ ስለተበየደ ጉተታው ቀጥ ብሎ ከመምጣት ይልቅ ይጠመዝዘው ነበር። ከዚህም በላይ የብየዳ ፍንጣሪ በቱቦው ላይ ቀርቶ የገመዱን ሽፋን ቧጭሯል። ጎበዝ በያጅ ይህን አስተካክሎ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን በብየዳ ውስጥ ያለውን ጉድለት ዓይን አያየውም፤ እያንዳንዱ የተሠራ ዕቃ ለብቻው ካልተፈተነ ማመን አይገባም። ቡድኑ ዕቃውን ጣለው። የዋለው ወጪ አልባከነም፤ 600 ኪሎ ላይ የታጠፈው መሬት ላይ፣ ባዶ ቦታ ነው።

ከግንድ ጋር የሚታሰረው ዊንች ያለው ትልቅ ከበሮም ታስቦ ነበር። ቁራጭን ከፍ አድርጎ ማንሳት ሲያስፈልግ ወደር የለውም፤ እዚህ ግን የሚነሳ ነገር አልነበረም፣ ዋጋውም ከሥራው ክፍያ ጋር አይመጣጠንም።

የተመረጠው ፖርታ ራፕ የሚባለው ነው። ከግንዱ ግርጌ በማሰሪያ የሚንጠለጠል የብረት ቱቦ ሲሆን፣ ገመዱን ከጫፉ ሳይሆን ከመሐሉ አስገብተው የሚፈልጉትን ያህል ዙር ይጠመጥሙበታል። የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ገባ። አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ሥራ የተሠራ ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ስለሚያስቸግር ብዙዎች የሚጠቀሙበት መንገድ ይህ ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣ ዕቃ ላይ መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ፦ በብረቱ ላይ የተቀረጸው የሥራ ጭነት ገደብና የሚፈቀደው የገመድ ውፍረት። ጽሑፍ የሌለው ዕቃ፣ ማንም ቢያመጣው፣ ከብየዳ ቤቱ ቱቦ አይሻልም።

ገመዱ 16 ሚሊሜትር የሆነ፣ ውስጡም ውጩም የተጎነጎነ ፖሊስተር ነው፤ ርዝመቱ 60 ሜትር። አምራቹ የጻፈው መበጠሻ 7,000 ኪሎ ገደማ ነው። ለዚህ ሥራ አንድ አሥረኛው፣ 700 ኪሎ፣ ተያዘ። ቋጠሮ ብቻውን ከገመድ ጉልበት ሲሶውን ሊወስድ ስለሚችል፣ ገመዱም በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚነቀነቅ፣ ይህ መጠን ቅንጦት አይደለም። ናይለን ከፖሊስተር በላይ ይለጠጣል፤ ግጭት ያበርዳል፣ ግን ቁራጩ ከታሰበበት በታች ወርዶ ቆርቆሮ ሊነካ ይችላል። ፖሊስተር እስከ 250 ዲግሪ አካባቢ ስለማይቀልጥ ለፍሬን ተመራጭ ነው። 60 ሜትሩ የመጣው እንዲህ ነው፦ 20 ሜትር ወደ ላይ፣ 20 ወደ ታች፣ ለዙርና ለቋጠሮ 5፣ ፍሬን ያዡ ርቆ እንዲቆም 10፣ የቀረው መጠባበቂያ።

ለላይኛው ፑሊ ግንባታ ላይ ያለውን የብረት ፑሊ መጠቀም አልተፈቀደም። ጎኑ ክፍት ስለሆነ ገመዱ ሲላላ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ ከጎን ሽፋኑ ጋር ይቀረቀራል። የተመረጠው የገመዱ ውፍረት አራት እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነ መንኮራኩር ያለው፣ 2,000 ኪሎ የሥራ ገደብ የተጻፈበት የዛፍ ሥራ ፑሊ ነው። ፍሬኑ 450 ኪሎ ሲይዝ ፑሊው ላይ 900 ኪሎ ያህል ስለሚያርፍ ከታችኛው ዕቃ ጋር እኩል ጉልበት ያለው ፑሊ አይበቃም።

ዝግጅት

የወረዳው ፈቃድ ወጣ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ ለሥራው ሰዓት እንዲቋረጥም ተጠየቀ። ግንዱ ከግርጌው እስከሚደረስበት ድረስ በመዶሻ እየተመታ ተፈተሸ፤ ባዶ ድምፅ፣ እንጉዳይ ወይም በሥሩ ዙሪያ የአፈር ስንጥቅ አልተገኘም። ከእነዚህ አንዱ ቢገኝ ኖሮ የማውረድ ሥራው ጨርሶ አይጀመርም ነበር፤ ምክንያቱም የበሰበሰ ግንድ ላይ ፑሊ ማሰር ጭነቱን በእጥፍ አድርጎ ለግንዱ መመለስ ነው።

ከዚያ የማረፊያው ቦታ በብረት ዘንግ ሲወጋ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ፦ የመጸዳጃው ጉድጓድ ክዳን ከአፈር በታች 20 ሳንቲሜትር ላይ አለ። አሮጌ ጎማና ሳንቃ የተነጠፈው ከክዳኑ ራቅ ተደርጎ ነው። በአዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ይህን ሳይፈትሹ ከባድ ነገር መጣል የለባችሁም።

ፍሬኑ በግንዱ ጀርባ፣ ከማረፊያው በተቃራኒ፣ በጉልበትና በወገብ መካከል ታሰረ። ማሰሪያው በእጥፍ ሸምቀቆ ግንዱን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ፍሬን ያዡ ከግንዱ 5 ሜትር ርቆ በማድ ቤቱ ጥግ ቆመ፤ ጓንት አጠለቀ፣ ገመዱን በእጁ ላይ እንዳይጠመጥም፣ በተከመረው ገመድ ውስጥ እንዳይቆም ተነገረው። የቆራጩ መውጫ ገመድና ብረት ሽቦ ያለበት ማሰሪያው ከማውረጃው ዕቃ ፈጽሞ ተለይተው ከፑሊው በታች ታሰሩ።

የትእዛዝ ቃላቱ አራት ሆኑ፦ «ዝግጁ?»፣ «ይዣለሁ»፣ «አስኪድ»፣ «አቁም»። ይህ ቀላል ይመስላል። ፍሬን ያዡ በዕድሜ ትልቁ ሰው ነበር፤ ወጣቱ ቆራጭ በልምምዱ ላይ «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ያላሉልኝ» እያለ ነበር። መጋዝ እየጮኸ፣ 18 ሜትር ላይ ሆኖ የተነገረ ረጅም ዐረፍተ ነገር ታች አይሰማም። አክብሮቱ ከሥራው በፊትና በኋላ እንዲሆን፣ ዛፉ ላይ ሳለ ግን አጭሩ ቃል ብቻ እንዲነገር ተስማሙ። ትልቁ ሰው ራሳቸው ይህን ሐሳብ ስላቀረቡት ነገሩ ቀለለ።

ሥራው

ቆራጩ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ቅርንጫፎቹን አወረደ። ለልምምድ የመጀመሪያዎቹ ትንንሾቹ ሆኑ። በብረት ቱቦው ላይ የሰበቃው መጠን 0.15 ተብሎ ሲሰላ፣ አንድ ዙር የእጅን ኃይል 2.5 ጊዜ፣ ሁለት 6.5 ጊዜ፣ ሦስት 17 ጊዜ ያህል ያበዛዋል። ለ60 ኪሎ ቅርንጫፍ አንድ ዙር ተኩል፣ ለ150 ኪሎ ቁራጭ ሦስት ዙር ተያዘ። በሦስት ዙር 450 ኪሎ ጉተታ በእጅ ላይ የሚቀረው 26 ኪሎ ነው፤ አንድ ሰው ቆሞ ይይዘዋል።

ጫፉ በ4 ሜትር ርዝመት ተቆረጠ። ከዚያ ግንዱ በተራ ወረደ፦ ፑሊው ከመቁረጫው 30 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ ገመዱ ከቁራጩ ጋር በአንድ ዙር ግማሽ ቋጠሮና ከሱ በላይ በሚሸመቀቅ ቋጠሮ ይያዛል፤ ከመቆረጡ በፊት ፍሬን ያዡ የላላውን ገመድ ሁሉ ይስባል። እዚህ ላይ ግማሽ ሜትር የላላ ገመድ የውድቀቱን ርዝመት በሩብ ይጨምራል። ወደ ማረፊያው በኩል እንደ ሽብልቅ ያለ ሰፊ ጥርስ ይቆረጣል፣ ከጀርባ ይጨረሳል፣ ሁለተኛው የመሬት ሠራተኛ በቀጭን ገመድ አቅጣጫውን ይመራል። ቁራጩ ተገልብጦ ገመዱ ላይ ሲያርፍ ፍሬን ያዡ ወዲያው አያቆመውም፤ እያስሮጠ ያበርደዋል።

ያልተሳካው

ከቅርንጫፎቹ አንዱ 40 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ ቀደም ሲል ለከባድ ቅርንጫፍ የተጠመጠመው ሦስት ዙር ሳይቀነስ ቀረ። ገመዱ አልሄደም፤ ቅርንጫፉ ድርቅ ብሎ ቆሞ እንደ ፔንዱለም ተወዛወዘና የዋናውን ቤት አሸንዳ አጣመመ። ከዚያ በኋላ ቆራጩ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በፊት ክብደቱን፣ ፍሬን ያዡ ደግሞ የዙሩን ቁጥር ጮክ ብለው እንዲናገሩ ተደረገ። ዙር የሚቀነሰው ጭነት በሌለበት ጊዜ ብቻ ነው። ጭነት እያለበት የሚፈታ ዙር የመጀመሪያውን ቡድን አደጋ ይደግመዋል።

ፍሬኑም ራሱ በመጀመሪያ በደንብ አልተቀመጠም። ማሰሪያው ትንሽ ላልቶ ስለነበር ጭነት ሲመጣ ቱቦው ወደ ላይ ዘለለ፣ ዞረም፤ ዙሮቹ ለቅጽበት ላሉና ገመዱ አንድ ሜትር ያህል አመለጠ። ጉተታው ወደ ላይ እንደሆነ አስቦ ማሰሪያውን አስቀድሞ ወደዚያው ወጥሮ መቀመጥ ነበረበት። እንደገና ሲታሰር ሰው ክብደቱን አሳርፎበት፣ ቱቦው የማይነቃነቅ እስኪሆን ድረስ ተጠበቀ።

ከሰዓት በኋላ የበልግ ዝናብ መጣ። የረጠበ ገመድ በብረት ላይ የሚኖረው ሰበቃ እንደ ደረቁ አይደለም፤ በጠዋት የተለማመደ እጅ ከሰዓት በኋላ ይሳሳታል። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ግንድም የተላጠ ቅርፊቱ ላይ ያንሸራትታል። ሥራው ለዚያ ቀን ቆመ፤ በማግሥቱ ሲጀመር ከባድ ቁራጭ ከመታሰሩ በፊት በትንሽ ቁራጭ ተፈተነ።

ትልቁ ችግር ግን መጨረሻ ላይ የመጣው ነው። ግንዱ እያጠረ ሲሄድ ሦስት ነገሮች አብረው ይከፋሉ፦ ቁራጩ ይወፍራል፣ ግጭቱን የሚያበርደው ገመድ ያጥራል፣ ቁራጩ የሚሮጥበት ከፍታ ያልቃል። ከመሬት 5 ሜትር ላይ 4 ሜትር ማስሮጥ አይቻልም። ሰዎች ወደ መሬት ሲቀርቡ ሥራው የቀለለ መስሏቸው ቁራጩን ያስረዝማሉ፤ ስሌቱ ተቃራኒውን ይላል። ከ5 ሜትር በታች ማውረጃው ተፈትቶ፣ ግንዱ በ40 ሳንቲሜትር ጉማጅ እየተቆረጠ በእጅ እየተገፋ ጎማው ላይ ወደቀ። እያንዳንዱ ጉማጅ 125 ኪሎ ያህል ስለሆነ ሁለተኛ ሰው በመወጠሪያ ገመድ ያግዝ ነበር። የቀረውን ጉቶ አንድ ጊዜ መጣል ታስቦ ነበር፤ የመጸዳጃው ክዳን ስላለ ተተወ።

ለሌላ ሥራ የሚሆነው

ይህ ጉዳይ ስለ አንድ ዛፍና አንድ ዕቃ ቢሆንም፣ ቅደም ተከተሉ ለጽድም፣ ለግራቪሊያም፣ ለዋርካም ያገለግላል። መጀመሪያ የቁራጩ ክብደት፤ ቀጥሎ ቁራጩ እንዴት እንደሚቆም፤ ከዚያ ግንዱ ያን መሸከሙ፤ የመሣሪያው ስምና ዋጋ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። የእርጥብ እንጨት ክብደት ከዛፍ ዛፍ ስለሚለያይ 0.086 የሚለው ቁጥር ለባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ ለሌላው ዛፍ ትንሽ ቁራጭ ቆርጦ በሚዛን መመዘን የተሻለ ነው።

ገንዘብ ሲያጥር የት መቆጠብ እንደሚቻልም ከዚህ ይታያል። ጎማ፣ ሳንቃ፣ መምሪያ ገመድ፣ ቼይን ብሎክ በአገር ውስጥ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ለመጎተትና ለማሳረፍ ይበቃሉ። ፑሊው፣ ማሰሪያው፣ ገመዱና ፍሬኑ ግን በሰው ራስ ላይ ያለ ጭነት ስለሚይዙ ገደባቸው የተጻፈ መሆን አለበት። ሁሉንም መግዛት ካልተቻለ ቁራጩን ማሳጠር ይቻላል፤ 150 ኪሎን ወደ 75 ማውረድ በዕቃው ላይ የሚያርፈውን ሁሉ በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚጠይቀው ተጨማሪ ሰዓት ብቻ ነው። በእኛ ግምት ብዙ ግቢዎች ውስጥ ትክክለኛው መልስ ይኸኛው ነው።

ጥሩ ፍሬን ያዥ ከጥሩ ፍሬን በፊት ይመጣል። በዚህ ሥራ ላይ ሰውየው ቁራጭ ሲመጣ ማስሮጥን የለመዱት 30 እና 50 ኪሎ በሚመዝኑ ጉማጆች ላይ፣ ማንም በሌለበት ቦታ፣ ደጋግመው ነው። ልምምድ የሌለው ሰው በደመ ነፍስ ገመዱን ጨብጦ ያቆማል፤ ያ ጭብጥ ከላይ ላለው ቆራጭ 1,500 ኪሎ ነው።

ሥራው እንዳለቀ ገመዱ በለብታ ውኃ ታጥቦ ከሙጫና ከቅርፊት ጸድቶ በጥላ ደረቀ፣ ከዚያ ርዝመቱን ሙሉ በእጅ እየተዳሰሰ ተመረመረ። ደርቆ የጠነከረ፣ የሳሳ ወይም ሽፋኑ የተቧጨረ ቦታ ያለበት ገመድ ለማውረጃነት አያገለግልም። ቋጠሮ ሲሸከም የዋለው ጫፍ 2 ሜትር ያህል ተቆርጦ ተጣለ፤ ገመዱም ለቀጣዩ ሥራ ተገልብጦ፣ ፍሬኑ ላይ የነበረው ወገን ወደ ቁራጩ እንዲሄድ ምልክት ተደርጎበት ተጠቀለለ።